የእማማ ዘነበች ግቢ እንግዶች

ሰው ቤት ሲፈልግ የሚዋሸውን ያህል ሚስት ሲፈልግ እንኳን አይዋሽም። ይህን የምለው ሁለቱንም ሥራ ሠርቼ አይደለም። ያጋባሁት ሰው የለም፤ የራሴንም ሚስት ያገኘችልኝ እናቴ ናት። እኔ የቤት ደላላ ነበርኩ፤ ያውም የነፋስ ስልክ ደላላ።

ዛሬ ደላላ ሲባል የሚታያችሁ ሁለት ሞባይል ይዞ የሰው መኪና ተደግፎ የሚቆም ጎረምሳ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ እንዲህ አልነበረም። የእኔ ቢሮ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ነበረች፤ ስልኬ ደግሞ የጎረቤት ባለሱቅ ስልክ። ሲደወልልኝ ባለሱቁ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ደላላው! ሁለት ክፍል የምትፈልገው ሴትዮ ናት!» ብሎ ይጮኻል። እኔ መንገድ ተሻግሬ እስክደርስ ሻይ ቤት ውስጥ ከተቀመጡት ደላሎች አንዱ ሴትዮዋ ወዳለችበት ገስግሶ ቤት አሳይቷት ጨርሷል። ቢሆንም በነጋታው ጠዋት ሻይ የምንገባበዘው አብረን ነበር፤ የነጠቀኝ ሰው ራሱ ስኳር ያማስልልኛል።

ላፍቶ ቤት ለማሳየት ስንሄድ ከውይይት ታክሲ ወርደን በማሳ መሃል በእግራችን ነበር የምናቋርጠው። በመስከረም የባቄላ እሸት፣ በታኅሣሥ ሽምብራ። ባለማሳው ከሩቅ እያየን እጁን ያነሳልናል እንጂ አይቆጣም። እሸት የቀመሰ ተከራይ ዋጋ ላይ ብዙ አይከራከርም፤ ይህን ከልምድ አውቀዋለሁ። አሁን እዚያ ማሳ ላይ ባለመስታወት ፎቆች ተገትረዋል። በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር አፌ ውስጥ የሽምብራ ጣዕም ይመጣብኛል፤ ምራቄን ውጬ አልፋለሁ።

የሙያ በሽታ የሚባል ነገር አለ። የእኔ በሽታ ያየሁትን ነገር ሁሉ በክፍል በክፍል መከፋፈል ነበር። ሠርግ ተጠርቼ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ሙሽሮቹን ትቼ «ከዚህ እስከዚያ ሳሎን፣ በዚያ ጥግ መኝታ፣ ማድ ቤቱ ወደ ውጭ» እያልኩ እለካለሁ። አውቶቡስ ስሳፈር የኋለኛው ወንበር ያለበት ቦታ ለላጤ ይበቃል እላለሁ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እኔንም ለሁለት ተከራይ ትከፍለኛለህ» ትለኝ ነበር።

በሽታው የመጣብኝ ያለ ነገር አይደለም። ቤት አልነበረም። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ሲሞት እንኳን ቤቱን አይለቅም፤ ልጆቹ ይወርሱታል። መሬት ተመርቶ ቤት ልሥራ ያለ ሰው ደግሞ ወረፋው ሲደርሰው መሠረት የሚቆፍርበት ጉልበት አይኖረውም። የቀረው ሕዝብ ሁሉ ሻይ ቤታችን በር ላይ ነበር፤ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ።

ታዲያ ቤት እንዲህ በጠፋበት ዘመን ወረዳችን ምን ሠራ? አዳራሽ ሠራ! ላፍቶ መንገድ ዳር የነበሩ የጭቃ ቤቶችን አፍርሶ፣ ከፊት ወፋፍራም ምሰሶዎች የተደረደሩለት፣ ጣሪያው ከሩቅ የሚያብረቀርቅ አዳራሽ አቆመ። ምሰሶዎቹ ምንም አልተሸከሙም። ዞሬ አይቻለሁ፤ ጣሪያው ከእነሱ በስተኋላ ነው የሚጀምረው። ለጌጥ ብቻ የቆሙ ናቸው። ያን ሁሉ ሲሚንቶ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በአንዱ ምሰሶ ብቻ የአንድ ቤተሰብ ወለል ይሞላ ነበር።

አዳራሹ ሲያልቅ በጀቱም አብሮ አለቀና ወንበር ሳይገዛ ቀረ። የመጀመሪያው ስብሰባ ሲጠራ ለነዋሪው የተነገረው «መቀመጫችሁን ይዛችሁ ኑ» ተብሎ ነው። አጀንዳው ደግሞ የቤት ችግር ነበር። እየቀለድኩ አይደለም።

እኔም ከሻይ ቤቱ ዱካ ተውሼ ሄድኩ። ሰዉ በየመቀመጫው ሲደላደል አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ኮሌታው ላይ መርፌ ከነክሩ የሰካ፣ ዱካውን ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ ይላል። መስኮቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ ይለካል። መጨረሻ ላይ ሰው የሚተላለፍበት መሃል ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ መንገድ ዘጋህ እኮ» አልኩት።

«አልጋዬ እዚህ ጋ ነበር» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወላሂ፣ ልክ እዚህ ጋ። ሰብሳቢው የቆሙበት ደግሞ ማድ ቤታችን ነው።»

ከድር ይባላል፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። አዳራሹ የተሠራው እሱ በተከራየው ቤት ላይ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቱ ምትክ ቦታ ወረፋ ያዘ፤ ተከራይ ግን ወረፋም የለው። እሱና ሚስቱ ዘይነባ ዘመድ ቤት ተጠጉ፤ አራቱን ልጆቻቸውን ግን አንድ ላይ የሚያስጠጋ ጠፋ። አንዷ መርካቶ አክስት ጋ፣ አንዱ ሳሪስ፣ ሌሎቹም እንዲሁ ተበታተኑ። ሄደው ያንኳኩባቸው አከራዮች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ልጅ አላችሁ?» ነው። አራት ሲባል በሩ ይዘጋል።

«ዘይነባ እራት ስታቀርብ አሁንም በስድስት ሰው ልክ ታቀርብና ታለቅሳለች» አለኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ይያዘኝ? እጄን አወጣሁ። «ይህ አዳራሽ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚሠራበት። በቺፑድ ከፋፍለን ብናከራየው ስንት ቤተሰብ ያስገባል! መድረኩ ብቻውን ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ ይወጣዋል» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ሰብሳቢው «አስተያየቱ ተይዟል» አሉ። እነሆ እስከ ዛሬ እንደተያዘ ነው።

ስንወጣ በንዴት ተነሳስቼ ከድርን «ቤት እኔ አገኝልሃለሁ» አልኩት። ንዴት ደላላን እንዲህ ያናግረዋል።

ያገኘሁለት ቤት እዚያው ከአዳራሹ ጀርባ ነበር። እማማ ዘነበች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ ዶሮ የሚሯሯጥበት፣ ጎመን የተተከለበት ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ከጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ፤ ባዶውን ተቀምጧል። የቀድሞው ተከራይ ልጆች የኮክ ዛፋቸውን ገና በጥሬው ስለጨረሱባቸው ልጅ ያለው ሰው ሁለተኛ ላያስገቡ ምለዋል።

«ስንት ልጅ አላቸው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እነዚህ? ባልና ሚስት ብቻ ናቸው እማማ። ድምፃቸው እንኳን አይሰማም።»

«ልብስ ሰፊ ነው አላልከኝም? የስፌት መኪናው ድምፅ የለውም?»

«ከስፌት መኪናው በስተቀር» አልኩ።

እነከድር አልጋቸውንና ቁም ሳጥናቸውን በጋሪ አስጭነው ገቡ። ዘይነባ ቤቱን ስታይ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀች፣ እማማም መለሱላት፤ ተስማሙ። ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ሻይዬን ስጠጣ ሰንብቼ አንድ ቀን ዘይነባ ሻይ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። ሻይ ቤት የምትገባ ሴት አይደለችም፤ ደንግጬ ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ቤቱን አግኝተህልናል፤ አላህ ይስጥህ» አለች። «ግን ልጆቼ የሌሉበት ቤት ምን ያደርግልኛል? ትላንት ሂክማን ላያት ሄጄ እትዬ አለችኝ። የወለድኳት ልጅ እትዬ አለችኝ!»

ሂክማ የመጨረሻዋ ናት፤ ገና አፏን መፍታቷ ነበር።  እኔ በዚያን ጊዜ የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ነው ያ ዘዴ የመጣልኝ።

አስቡት እስቲ። በአገራችን አከራይ የማይከለክለው ነገር የለም። ገና በጊዜ በሩን ይቆልፋል፣ መብራት ያጠፋል፣ ካውያ አትተኩስ ይላል። በእንግዳ ላይ ግን ሥልጣን የለውም። «እንግዳ መጣብኝ» ያለን ተከራይ «ለምን መጣ?» የሚል አከራይ አላየሁም። እንግዳውን ራሱን «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ መጠየቅማ ነውር ነው፤ የጠየቀ ሰው ስሙ በሰፈሩ ይነሳል። ስለዚህ የከድር ልጆች እንግዳ ይሆናሉ አልኩ!

መጀመሪያ ትልቋን ሙናን አስገባን። «የከድር የወንድም ልጅ ናት፤ ለአረፋ ነው የመጣችው» አልኳቸው እማማን። አረፋ አለፈ። ሙና አልሄደችም። እማማም አልጠየቁም። እንዲያውም ክርስቲያንና እስላም ሥጋ አብሮ እንደማይበላ ስለሚያውቁ በየጠዋቱ እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፤ «ለእንግዳዋ» ብለው።

ይህ ሲሳካልኝ ልቤ አበጠ። ሁለተኛውን ልጅ ነስሩን «ሊታከም ከገጠር የመጣ ነው፤ እግሩን ያመዋል» ብዬ አስገባሁት። ልጁ ማነከስ ያለበት እማማ ሲያዩት ብቻ ነበር፤ ግን ጠዋት በቀኝ እግሩ ያነከሰ ከሰዓት በግራው ያነክሳል። አንድ ቀን እማማ አስጠርተውኝ ሄድኩ።

«ልጄ፣ የዚህ ልጅ በሽታ ይዞራል» አሉኝ።

«ነርቭ ነው እማማ» አልኩ። ነርቭ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በነጋታው ሀና ማርያም ድረስ በእግራቸው ሄደው በጀሪካን ጸበል ተሸክመው መጡ። ዘይነባ ምን እንደምትል ግራ ገባት። እማማ ግን «እግር ሃይማኖት የለውም፤ አምጪው» ብለው ነስሩን ዱካ ላይ አስቀምጠው ሁለቱንም እግሩን በእጃቸው አጠቡት፤ የትኛው እንደሚያመው ስላልለየ ሁለቱንም። ልጁ ኩርኩር እያለው ሲስቅ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ በር ላይ ቆሜ አፈርኩ፤ እውነቴን ነው።

ግን ማን ያቁመኝ? ሦስተኛውን ጀማልን «የነስሩ አስታማሚ» ብዬ አስገባሁት። አስታማሚው ፊደል ገና አልቆጠረም፤ ንፍጡን እንኳን የሚጠርግለት ሰው ይፈልጋል። ሂክማ ስትቀር ግን ውሸቴ አለቀ። ለዚያች ልጅ ምን ሥራ ይሰጣታል? ብዙ ካሰብኩ በኋላ «እቺ ደግሞ አስታማሚውን ናፍቃ ነው» አልኩ። እማማ ዘነበች «አይ እናንተ፣ ዘመዳችሁ ብዙ ነው» ብለው ወደ ዶሮዎቻቸው ሄዱ። የልጆቹ ልብስ ገመድ ላይ ሲሰጣ የደንበኛ ነው እንላለን፤ ከድር የልጆች ልብስ ሰፊ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን። እኔም በየሳምንቱ እየሄድኩ ልጆቹን አስጠናለሁ፤ «ማን ናችሁ ቢሏችሁ?» «እንግዳ ነን!» ዓይኔን እንደጠቀስኩ ነው የሚመልሱት።

ያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ክረምት መጣና የአዳራሹ ጉድ ታየ። ሲሠሩት መኪና ማቆሚያ ረስተዋል! የሹማምንቱ መኪኖች ጭቃ ውስጥ እየተዘፈቁ በሕዝብ ትከሻ ይወጡ ጀመር። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዱን ስንገፋ እንዲያውም ጎማው ጭቃ ከሚረጭበት ራቅ ብዬ ቆሜ በሳቅ ልሞት ነበር። ደስታዬ የቆየው ግን ባለሱቁ በሩ ላይ ወጥቶ «ደላላው! ከእማማ ዘነበች ግቢ ነው፣ ቶሎ ና ብለዋል!» እስኪል ድረስ ነው።

ስደርስ ያ የአዳራሹ ስብሰባ ሰብሳቢ ከአንድ ባለሜትር ሰውዬ ጋር ግቢው መሃል ቆመዋል። ባለሜትሩ ሜትሩን ከኮክ ዛፉ እስከ ሰርቪሱ ግድግዳ ዘርግቷል። ከድርና ዘይነባ በራቸው ላይ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ዘይነባ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እናታችን፣ ግቢዎ ለልማት ይፈለጋል» ይላሉ ሰብሳቢው። «የምትኖሩት ሦስት ሰው ናችሁ። ቦታው ለሦስት ሰው በጣም ሰፊ ነው። የፊቱ ግማሽ ይበቃችኋል፤ የጓሮው ለመኪና ማቆሚያ ይሆናል።»

የጓሮው ማለት የእነከድር ሁለት ክፍል ማለት ነው። አንዴ ለአዳራሹ፣ አንዴ ለአዳራሹ መኪና!

«ሦስት?» አሉ እማማ። «ማን ነው ሦስት ያለህ? ሰባት ነን! ልጆች! ኑ እስቲ ወዲህ!»

ልጆቹ እየሮጡ መጥተው ተሰለፉ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው ሙናን «የኔ ልጅ፣ እዚህ ነው የምትኖሪው?» አሏት። ሙና እኔን አየችኝ። «አዎ በይ» ለማለት በዓይኔም፣ በቅንድቤም፣ በአገጬም ሞከርኩ። ልጅቷ ግን ያስጠናኋት ምልክት ይህ ነው ብላ ደረቷን ነፋች።

«እንግዳ ነኝ። ለአረፋ ነው የመጣሁት።»

አረፋ ካለፈ ወራት ሆኖታል። ነስሩ ተራው ሳይደርስ ማነከስ ጀመረ፤ «እኔ ልታከም ነው።» ጀማልም «እኔ አስታማሚ ነኝ» አለና ንፍጡን ወደ ውስጥ ሳበ። በሕይወቴ እንዲህ የተዋጣልኝ ሥልጠና የለም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከድር እኔን አላየኝም፤ የሚያየው የተዘረጋውን ሜትር ነበር።

ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ወደ ሂክማ ዞሩ። ሂክማን ማስጠናት አልቻልኩም ነበር፤ የነገሯትን አትሰማም። የእማማን ቀሚስ ይዛ ቆማለች።

«አንቺስ ሚጣዬ፣ ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከጓሮ» አለች።

«ቤትሽስ የት ነው?»

ሂክማ ሰውየው ያልገባው ነገር ምን እንደሆነ አልገባትም። «ይኸው» አለች፤ ቀጥላም ልክ እንደ እማማ ዘነበች ጣቷን ወደ ሰብሳቢው ጫማ ቀስራ «ውረድ፣ ጎመኑን ረገጥከው!» አለች።

ሰብሳቢው ካልሲያቸው እስኪታይ ድረስ ዘለው ወረዱ። ባለሜትሩ ሜትሩን ለቀቀውና እየተጠቀለለ እጁ ውስጥ ገባ።

«ሰባት ብለው ይጻፉ ጌታዬ» አለ።

«እንግዳ ነን አሉ እኮ!»

«እንግዳ የቤቱን እመቤት እንዲህ አይመስልም» አለ ባለሜትሩ ዘይነባንና ልጆቹን እያየ። «ዓይናቸውን ይዩት።»

ሰብሳቢው አዩ። አራት ጥንድ የዘይነባ ዓይን መልሶ አያቸው። አጉረምርመው ሰባት ብለው ጻፉና ጓሮውን ትተው ወጡ።

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። «እማማ፣ ነገሩ እንዲህ ነው…» ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም።

«ዝም በል! ቤቱን ሊያዩ የመጡ ቀን ነው ያወቅሁት። ልጅ የሌላት ሴት ገና ከመግባቷ የውኃ ጉድጓዱ ክዳን ይቆለፋል ወይ ብላ ትጠይቃለች?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«የተከራይ ልጅ ቢሆኑ እኔ ምን አገባኝ? የእናታቸው ናቸው» አሉ ሂክማን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው። «ቤቴ የመጣ እንግዳ ግን የእኔ ነው።» ዘይነባ ያን ጊዜ አለቀሰች። ስታለቅስ ሂክማ ሮጣ «እማዬ» ብላ እግሯን አቀፈቻት። እኔም የዶሮ ቤቱን የማይ መስዬ ዞርኩ።

እማማ ዘነበች አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ለቀብራቸው ሀና ማርያም ስንሄድ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነስሩ ነበር፤ በሁለቱም እግሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ረጅም ጎልማሳ ሆኗል። ግቢው የለም፣ ኮኩ የለም፣ ሻይ ቤታችን ባንክ ሆኗል። አዳራሹ ብቻ አለ። አንዳንዴ በዚያ ሳልፍ ምሰሶዎቹን አይና እንደ ድሮው ልናደድ እሞክራለሁ፤ አልሆን ይለኛል። ያ የሚያናድደኝ ዘመን ናፍቆኛል።

ያን ቀን ከግቢው ስወጣ ግን ገና እንደተናደድኩ ነበር። ባለሜትሩ ከምሰሶዎቹ አንዱ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ሊያስረኝ ነው ብዬ እርምጃዬን አዘገየሁ።

«የቤት ደላላ ነህ አሉ» አለኝ።

«ነኝ።»

«ቤት እፈልጋለሁ። ሁለት ክፍል። ቢቻል እንደዚህ ያለ ግቢ።»

አፌ ልምዱን አይተውም፤ «ባልና ሚስት ብቻ ናችሁ?» አልኩት።

ሰብሳቢው መራቃቸውን ዞር ብሎ አየ።

«አምስት ልጆች አሉኝ» አለ። «የእኔዎቹ እስካሁን እንግዳ ናቸው።»